ከውጭ ገንዘብ ከመላካችን በፊት፦ ስለ ጎንደር ወላጆች ሥልጠና

ጎንደር ተወልደን ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች በተሰባሰብን ቁጥር «ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤትና ቢሮ ሄደው የሚጠይቁበትን ሥልጠና እናዘጋጅ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ያለ ምክንያትም አይደለም። ስደት ላይ ልጅ ያሳደገ ወላጅ ወደደም ጠላም መምህር ፊት ተቀምጦ ስለ ልጁ መከራከርን ይለምዳል። በተለይ አሜሪካ የኖረ ሰው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉን አካሄድ ያውቀዋል። ወላጅ ፈርሞ ከፈቀደ በኋላ፣ ግዛቱ የራሱን የጊዜ ገደብ ካላወጣ በቀር፣ የልጁ ምዘና በ60 ቀን ማለቅ አለበት። ለልጁ ለብቻው የሚወጣለት የትምህርት ዕቅድ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ወላጅ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ የተጠየቀውን አልፈጽምም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል።

ይህን ልምድ እንዳለ ጎንደር ወስዶ መዘርገፍ አይሠራም። መብቱማ ጎንደርም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። የሌለው ቀን ቆጣሪው ነው። አሜሪካ ሕጉ ራሱ ቀን ይቆጥራል፤ ጎንደር ቀኑን የምትቆጥረው እናቲቱ ናት። ስለዚህ ሥልጠናው ከሁሉ በፊት ማስጨበጥ ያለበት ቀጠሮ ማስቆረጥን ነው። የመብት ታሪክ ንግግር ቢቀር ማንም አይጎዳም።

ማን ይሠልጥን? ቀላሉ መንገድ ለቀበሌው «20 ወላጅ ላኩልን» ብሎ መንገር ነው። እንዲህ ሲባል የሚመጡት ስብሰባ የለመዱ፣ የየሥልጠናው ሰርተፊኬት ግድግዳቸው ላይ የተደረደረ ሰዎች ናቸው። የምንፈልገው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትምህርት ቤት አልተመዘገበም፤ ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። እሱን የሚያውቁት የዕድሩ ዳኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የሰንበቴው ማኅበርተኞችና የመስጊዱ ጀመዓ ናቸው። አካል ጉዳተኞችን የሚደግፈው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራምም እስከ ቤት የሚደርስ ሥራ ስላለው አስቀድሞ ማማከሩ ብዙ ድካም ይቀንሳል። በአንድ ዙር 15 ወላጅ በቂ ነው፤ ከ20 ካለፈ ግማሹ ሳይናገር ይጨርሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ብቻ ይምጡ። የአዘዞ ወላጅና የፒያሳ ወላጅ አዳራሽ ውስጥ ቢወዳጁም ከሥልጠናው በኋላ ለአንድ ጉዳይ ተጠራርተው አብረው አይሄዱም። አባቶችም ይጠሩ፤ ባል ሳያውቅ የጀመረች እናት ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ትቀራለች። ልጁን የምታሳድገው አያቲቱ ከሆነች «ወላጁን ላኪ» ብሎ መመለስ ትልቅ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ሰው የልጁን ነገር ከእርግማን ወይም ከዛር ጋር ማያያዙ አይቀርም። አሠልጣኙ እዚያ ላይ ክርክር ከከፈተ ሥልጠናው በዚያው አለቀ። «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ምዝገባውም አይለፈው» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ጊዜው ላይ እኛ ውጭ ያለነው ሁልጊዜ እንስታለን። የምንሄደው ወይ በክረምት ነው ወይ ለጥምቀት። ክረምት ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ርዕሰ መምህሩም አይገኝም። ጥር 11 ሲቃረብ ደግሞ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ የበዓል ኮሚቴ ላይ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ ገንዘብ የሚነካ ጥያቄ ዕቅድ ከመጠቃለሉ በፊት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ወደ ኋላ ሲሰላ ሥልጠናው ጥቅምት ላይ ቢጀመር ይሻላል፦ በየ15 ቀኑ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ጊዜ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ። እሑድ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይሆናል፤ ቢሆንም የዕድርና የማኅበር ቀናቸውን ጠይቆ መወሰን ነው። ከሆቴል አዳራሽ የትምህርት ቤቱ ክፍል ይመረጣል፤ ኪራዩ ስለሚቀር ብቻ አይደለም፣ ያንን በር ለዓመታት ያልረገጡ ወላጆች መግባት እንዲለምዱ ነው። ለብቻቸው ሊተዉ የማይችሉ ልጆችን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ተከፍሏቸው ይቀመጡ፤ ይህ ከበጀቱ ከተሰረዘ የምንፈልጋት እናት አትመጣም። ለሻይ ሰዓት ዳቦና ቆሎ ይበቃል። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር ይቅር።

አበል አይከፈል። የባጃጅ ሒሳብ በዕለቱ፣ በፊርማ፣ በወጣው ልክ ይሰጥ። አበል የተለመደበት ቡድን አበሉ ባለቀ ሳምንት ይበተናል፤ ያልተከፈለው ጎረቤትም «እነሱ በልጃቸው ይነግዳሉ» ብሎ ያማል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። እናቶች መጀመሪያ ሲናገሩ ከእርግዝናው ጀምረው ያለፉበትን ሁሉ ይዘረግፋሉ። አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ማንም ሳያቋርጥ ይነገር፤ ለብዙዎቹ ሰሚ ያገኙበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከሁለተኛው ስብሰባ ጀምሮ ግን ንግግሩ ወደ ሁለት ደቂቃ ይጠር፦ ልጁ ማን ነው፣ ስንተኛ ክፍል ነው፣ ምን አቃተው፣ ምን እንዲደረግለት ትጠይቂያለሽ። ቢሮ ውስጥ መከራ ሲተረክ የሚሰማው ሰው ከልቡ ያዝናል፤ «እግዜር ያበርታሽ» ይላል፤ እናትም ምርቃት ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ጥያቄ ስላልቀረበ መልስም የለም።

ቀጥሎ ጥያቄው የማን ውሳኔ እንደሆነ ይለያል። ክፍሉን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ፣ ልጁን ፊት ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ርዕሰ መምህሩ በቃሉ የሚጨርሰው ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ መሥራት ገንዘብ ስላለበት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ይነካል፤ የትምህርት ቤቱ ድጎማ ምን ላይ እንደሚውል ሲመከር እዚያ ያለ ወላጅ መናገር አለበት። የምልክት ቋንቋ ወይም የብሬል መምህር መመደብ ከትምህርት ቤቱ በላይ ነው፤ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያም ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ይሄዳል፤ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ መጨረሻው ነው። ከላይ የጀመረ ሰው «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎበት ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛውም ያለ እሱ እውቅና ስለተሄደ ያኮርፋል።

ማመልከቻው ላይ አንድ ሙሉ ስብሰባ ይዋል። ፍርድ ቤት አጠገብ ያለው ራፖር ጸሐፊ ሦስት ገጽ ልመና ይጽፋል፤ ጥያቄው ሁለተኛው ገጽ መሃል ይጠፋል። ወላጆች ራሳቸው ይጻፉት፤ መጻፍ የማትችለዋ ትናገር፣ ጓደኛዋ ትጻፍላት፣ እሷ በአሻራዋ ታጽድቅ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ አንድ ጥያቄ፣ ስምና ስልክ። ሁለት ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ቀላሉ ተመልሶ ከባዱ ይረሳል። በሁለት ኮፒ ይዘጋጅና መዝገብ ቤት ይግባ፤ የገቢ ቁጥሩና ማኅተሙ በእጅ በሚቀረው ኮፒ ላይ ይታይ። በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ «ለኃላፊው በእጄ ሰጠሁት» ይባላል፤ ኃላፊው ሲቀየር ደብዳቤው የለም፣ ማስረጃም የለም። ከዚያ ከመውጣት በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ ጉዳዩን የያዘው ማን ነው፣ መቼ ልመለስ፣ ብመለስ የትኛው ቢሮ። መልሱ እዚያው፣ ሰውየው እያየ፣ ደብተር ላይ ይጻፍ። ይህ ደብተር ከሰርተፊኬቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ቀን፣ የተናገረው ሰው፣ ያለው ነገር፣ የሚቀጥለው ቀን፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

ልምምዱ በትወና ይሁን። አሠልጣኙ ርዕሰ መምህር ሆኖ ይቀመጥ፤ ስልክ ያውራ፣ ያቻኩል።

«እናቴ፣ በጀት እኮ የለም።»

«ይገባኛል፣ ጋሼ። በጀት የማይጠይቀውን እናስቀድም። ክፍሉ ወደ ምድር ይውረድልኝ።»

«እስቲ እናየዋለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ። መልሱን ለመስማት ሐሙስ ልምጣ ወይስ የሚቀጥለው ሰኞ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ እስክትለመድ ሦስት አራት ጊዜ ይደገም። «እናየዋለን» ሲባል አመስግኖ መውጣት የጨዋ ደንብ ሆኖብን ስለኖረ አንደበት ላይ ትከብዳለች።

ወደ ቢሮ ሁለት ሆኖ መሄድ ነው። አንዷ ባለ ጉዳይ፣ ሌላዋ ደብተር ያዥ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ይለዋወጣሉ። የራሷን ልጅ ጉዳይ ብቻ የምታስፈጽም እናት ጎበዝ እናት ናት፤ የሌላዋን ልጅ ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ነች መሪ የምትሆነው። አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው የሁሉንም ጉዳይ እየዞረ ሲያስፈጽም ደስ ይላል፤ እሱ የታመመ ቀን ግን ሁሉም ይቆማል፤ ካልታመመም ቀስ እያለ ደላላ ይሆናል።

መወጣጫውን በተመለከተ ወላጆች ቁጥር ይዘው ይሂዱ። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ደረጃ 3.6 ሜትር፣ 45 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 5.4 ሜትር መወጣጫ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ለመቆጠብ በ1 ሜትር ተኩል የተሠራ መወጣጫ ተሽከርካሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ እንደ ጎንደር ተዳፋት በሆነ ግቢ ደግሞ መጨረሻው ቦይ ላይ ሲያርፍ ይታያል። ሽንት ቤቱ ይረሳል፤ በሩ ከ80 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ ልጁ ክፍል ገብቶም ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል። የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዛል። ጥያቄው ከሕጉ ጋር ሲቀርብ የሚሰማው ሰውም ለበላዩ የሚያሳየው ነገር ያገኛል።

ሽማግሌ መላክ ጎንደር ውስጥ በር ይከፍታል፤ የደብር አለቃ ወይም የዕድር ዳኛ አብሮ ሲገባ ማንም «ነገ ተመለሱ» አይልም። አደጋውም አብሮት አለ። ሽማግሌ የለመደው ማስታረቅ ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ያስቀንሳል። መምህሩ ልጁን ተሳድቦ ከሆነ ማስታረቅ ጥሩ ነው። ምዝገባ የተከለከለን ልጅ ግን «ለዘንድሮ ይለፈው፣ ለከርሞ ይገባል» ብሎ ማስማማት ልጁን አንድ ዓመት ያስከፍለዋል። ስለዚህ ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ምኑ የሚቀነስ፣ ምኑ የማይቀነስ እንደሆነ ከወላጆቹ ጋር ይነጋገር።

የእኛ ቦታ የት ነው? ቢሮ ውስጥ አይደለም። ከውጭ የመጣ ሰው ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኃላፊው የሚያናግረው እንግዳውን ነው፤ ቡና ይመጣል፤ ተስፋ ይሰጣል፤ በመጨረሻም «ኮምፒዩተር ብታመጡልን» ይባላል። እናቲቱ አልተሰማችም፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ ተስፋውም አብሮ ይሄዳል። እኛ የሻዩን፣ የባጃጁን፣ የፎቶ ኮፒውን፣ የልጅ ያዦቹንና የአሠልጣኙን ወጪ እንሸፍን፤ አሠልጣኙም እዚያው የሚኖር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ የሚገኝ ሰው ይሁን። ገንዘቡ በሦስት ፈራሚ ይውጣ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወላጆች ይሁኑ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ስብሰባ ከመጥራት በፊት ቀበሌውንና ክፍለ ከተማውን በደብዳቤ ማሳወቅ፣ የደብዳቤውንም ኮፒ አሠልጣኙ እንዲይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ከመምሸቱ በፊት መበተን ግድ ነው። ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል በቴሌግራም ብቻ አትጥሩ፤ እያንዳንዱ ወላጅ የሁለት ጎረቤት ስልክ በወረቀት ይያዝ። የልጆቹንም ፎቶ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ለጋሾች ማየት ከፈለጉ ማኅተም ያረፈበትን ማመልከቻ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ አሳዩአቸው።