ጎመን ለጣዕሙ ሲበላ

በዓቢይ ጾም "ዳይት ላይ ነኝ" ብሎ የሚያማርር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም። ሆኖም ምሳ ሰዓት ላይ በያይነቱ የሚጣፍጥበት ቤት ወንበር አይገኝም። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ፎሶሊያው ይደረደራል። ሽሮው እየተንተከተከ ይመጣል። ካሎሪ የሚቆጥር የለም። የሚሰማው "እስቲ ሱፍ ፍትፍቱን ጨምሩልን" የሚል ድምፅ ነው።

ያው ሰው ፋሲካ አልፎ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሱሪው አልዘጋ ሲለው "ከሰኞ ጀምሮ ዳይት" ይላል። የሰኞ ምሳው የተቀቀለ ካሮት ነው። ጨው የለው፣ ዘይት የለው፣ ቅመም የለው። ማክሰኞም እንደዚያው። ሐሙስ ላይ ክትፎ ቤት ታገኙታላችሁ። እኔም ከዚሁ ወገን ስለነበርኩ ሰው እያማሁ አይደለም።

የእኔ ነገር የተጀመረው በጤና ምርመራ ነው። ስኳሬ ከፍ ማለት ጀምሯል ተባልኩ። ሐኪሟ መድኃኒት አላዘዘችልኝም። አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል አብዢ፣ ስኳርና ጨው ቀንሺ ብላ ሸኘችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውም ይሄንኑ ነው፤ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ ጨው ደግሞ ከ5 ግራም በታች። ምክሩ ቀላል ነው። ችግሩ "ጤናማ ምግብ" ሲባል በጭንቅላቴ የሚመጣው ነገር ነበር። ጎመን ወይም ምስር አይደለም የመጣልኝ። ሱፐርማርኬት ነው የመጣልኝ።

በቆርቆሮ የታሸገ ኦትስ ገዛሁ። ቺያ የሚባለውን ፍሬ ገዛሁ። ቡናማ ሩዝ ገዛሁ። ዋጋቸውን ባልናገር ይሻላል። ኦትሱን በውኃ ብቻ አፍልቼ፣ አፍንጫዬን ይዤ ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ጠዋት እውጠው ነበር። ያበላኝ የነበረው "እከሳለሁ" የሚለው ተስፋ ነው። ተስፋው የደከመ ቀን ጎረቤት ካለው ሱቅ ፓስቲ ይገዛል።

በዚህ መሀል እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችው። ከፈተችው። ትንሽ ቆንጥራ ቀመሰች።

"ይሄ አጃ አይደለም እንዴ?"

"አዎ እማዬ፣ አጃ ነው።"

"እና በዚህ ዋጋ ገዝተሽ በውኃ ነው የምትበዪው? ምን በደለሽ?"

በማግስቱ እሷ ያመጣችው፣ ወፍጮ ቤት የተከካ አጃ ምድጃ ላይ ወጣ። አጃውን አጠበችው። የፈላ ውኃ ላይ ጨው ጣል አድርጋ ጨመረችው፤ እሳቱን ቀነሰችና ከደነችው። ውኃውን ጠጥቶ ሲያልቅ ፍሬው ለየብቻ ቆመ፤ የእኔ ኦትስ እንደ ሙጫ ነበር። ከዚያ ኮሰረት የገባበት ቅቤ፣ ብዙ አይደለም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለሁላችን፣ አቅልጣ ለወሰችው። ሚጥሚጣ ዳር ላይ። ቤቱ በሙሉ ሸተተ።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ ለዳይት የሚሆን ነው" አልኳት።

"ምን ዳይት አለ፣ ቁርስ ነው። ብዪ።"

አጃም ሆነ ገብስ በውስጣቸው ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ አሰር (ፋይበር) አለ። ሆድ ውስጥ እንደ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ስኳር ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፣ ኮሌስትሮልም ይቀንሳል። ቆርቆሮው ላይ በትልቁ የተጻፈው ይሄው ነው። የእናቴ ቂንጬ ግን ምንም ሳይጻፍበት እስከ ምሳ ድረስ ያቆየኛል።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምግቡንና ኪሎዬን ማፋታት ነው። የቤቱን ሚዛን ለእህቴ ሰጠኋት። ሰው ሚዛን ላይ እየወጣ ጎመን ከበላ፣ ኪሎው ያልቀነሰ ሳምንት ጥፋተኛው ጎመኑ ይሆናል። "ይሄን ሁሉ ሣር በልቼ!" ይላል። ጎመኑ ምን አደረገ? በምላስ ነው መመዘን ያለበት። ስለዚህ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ ሰው ጋብዤ የማላቀርበውን ምግብ ለራሴም አልሠራም። የተቀቀለው ካሮት በዚህ ሕግ ወጣ። ጨው ያልነካው የዶሮ ደረትም ወጣ። ብሮኮሊ ጥሩ ነገር መሆኑን አምናለሁ፤ እኔና እሱ ግን አልተግባባንም፣ አሰናበትኩት። ቺያው እስኪበላሽ ድረስ ጓዳ ተቀመጠ። የምትወዱት ብሉት። እኔ ግን በእሱ ፋንታ ተልባ ቆልቼ፣ አስወቅጬ፣ ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር እፈተፍትበታለሁ። የተልባ ዘይት አብዛኛው ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባት ነው፣ ዋጋውም ኪስ አያራቁትም። በብርጭቆ ተበጥብጦ ሲመጣ ዛሬም አልወደውም። መውደድም የለብኝም።

ትልቁን ጊዜ የወሰደብኝ ጎመን ነው። "ጎመን በጤና" እየተባለ ያደገ ሰው ጎመንን በደስታ መብላት ይከብደዋል። እኛ ቤት ጎመን ተቀቅሎ፣ ተቀቅሎ፣ ጥቁር ሲሆን ተጨምቆ፣ ዘይት ላይ ይጣላል። አረንጓዴው ጠፍቶ፣ ጣዕሙ ከውኃው ጋር ተደፍቶ ነው የሚመጣው። ያስተማሩኝ ከሠፈራችን ጉሊት የሚሸጡ እማማ ናቸው። አንድ ቀን እስር ጎመን እየመረጥኩ "እማማ፣ ይሄ ነገር እንዴት ቢሠራ ይጣፍጣል?" አልኳቸው። ስቀው "የኔ ልጅ፣ አታሰቃዪው" አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉኝ። ወፍራሙን ግንድ ለይተሽ በደቃቁ ክተፊ፣ ቅጠሉን ጠቅልለሽ እንደ ክር አቅጥኚ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪ። ላብ ሲያወጣ ዘይት ጠብ አድርጊ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪ። ግንዱ ቀድሞ ይግባ። ቅጠሉ በኋላ። አትክደኚው! ቀለሙ ደምቆ፣ ጥርስ ላይ ገና ትንሽ ሲንኮሻኮሽ አውርጂው፤ ቃሪያውን ከወረደ በኋላ።

ያለመክደኑን ነገር በኋላ ሳነብ ምክንያት አገኘሁለት። አትክልቱ ሲሞቅ የሚያወጣው አሲድ በእንፋሎት ካልወጣ ተመልሶ አረንጓዴውን ያጠወልገዋል። እማማ ይሄን አላነበቡም፣ ግን ያውቁታል። ዘይቱም ቢሆን ኃጢአት አይደለም። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቤታ ካሮቲንም፣ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። ጉራጌዎች ጎመን ክትፎን በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሰው ከአይብ ጋር የሚያቀርቡት ጎመኑን አክብረውት ነው። ጎመን ክትፎ በልቶ "ዳይት ላይ ነኝ" የሚል ሰው ካለ ልየው።

ቀጥሎ አዚፋ። ይሄንን እንኳን መልመድ አላስፈለገኝም፤ ከጾም ውጭ መሥራት ብቻ ነው የቀረኝ። ድፍን ምስር ቀቅሎ፣ ግማሹን ዳመጥ ዳመጥ አድርጎ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ሰናፍጩን መጨመር። ሰናፍጩ ትኩስ የተበጠበጠ ከሆነ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ዓይን ያስለቅሳል። ይሄ ነው ጨዋታው። ቀዝቅዞ ሲበላ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ ስለዚህ ለቢሮ ምሳ የተፈጠረ ነው። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ ከምስሩ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ይከለክሉታል። ቡናዬን የሚነካብኝ የለም፣ ግን ከምሳ አራቅሁት። በዚያውም አሥር ሰዓት ላይ የምጠብቀው ነገር አገኘሁ።

በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የመጀመሪያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን በየቀኑ ብሉ ይላል። እኛ ደግሞ ለጥራጥሬ ረቡዕና ዓርብን መድበንለታል። የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሐሙስ ቀን ምስር ያዘዘ ሰው አስተናጋጁ እንኳን ይጠይቀዋል፤ "ጾመኛ ነዎት?"

እንጀራ ላይ ቀይ ጤፍ ጀመርኩ። ድሮ ለእንግዳ የሚቀርበው ማኛ ነበር፤ ቀዩ ጓዳ ውስጥ ነበር የሚበላው። እኔ የያዝኩት ለጣዕሙ ነው፤ ከሽሮ ጋር ነጩ አይደርስበትም። ግን ቀይም ቢሆን እንጀራ እንጀራ ነው፣ ለእኔ ብዛቱ ላይ ነው ጉዳዩ። ዘዴዬ ወጡን ማብዛት ሆነ። በፊት ሰፊ እንጀራ ላይ ትንሽ ወጥ ነበር የማወጣው። አሁን ጎመኑና ምስሩ ሰፋ ብለው ይወጣሉ፣ እንጀራው ግማሽ ይሆናል። እንጀራ ቀነስኩ ብዬ ሳስብ ይርበኛል፤ ወጥ ጨመርኩ ብዬ ሳስብ እጠግባለሁ። ሳቁብኝ፣ ግን ሠርቷል።

ስለ ሻይ ባጭሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ በአራት ብርጭቆ ስታባዙት 48 ግራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ቢቻል ደግሞ 25። በሻይ ብቻ ጨርሼው ነበር። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ ጠንከር አድርጌ እያፈላሁ ስኳሩን በግማሽ ማንኪያ፣ በግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። ምላስ ይለምዳል። አሁን ሰው ቤት የሚቀርብልኝ ሻይ ሽሮፕ ይመስለኛል። አቮካዶንም ከስኳርና ከቪምቶ አላቅቄ በሎሚ፣ በጨውና በቃሪያ ዳቦ ላይ እቀባዋለሁ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። እኛ አገር "ወፍረሻል" ማለት "ተመችቶሻል" ማለት ነው፣ "ከሳሽ" ማለት ደግሞ "ምን ሆነሽ?" ነው። ቢሮ ውስጥ የምሳ ዕቃዬን ስከፍት "ዳይት ጀመርሽ እንዴ?" የማይለኝ አልነበረም። በፊት ማስረዳት ውስጥ እገባ ነበር፤ ስለ ስኳር፣ ስለ ሐኪሟ። ያኔ ምግቤ ወዲያው የበሽተኛ ምግብ ይሆናል፣ የሚያዝን ፊት ይከበኛል። አሁን መልሴ አጭር ነው። "አምሮኝ ነው።" ካልኩ በኋላ አንድ ጉርሻ አዚፋ አቀምሳለሁ። የተከራከረኝ የለም።

በዓል ላይ ዶሮ ወጥ እበላለሁ። አክስቴ "በሞቴ" ብላ ጉርሻ ስትዘረጋ አፌን እከፍታለሁ። "ከሰኞ ጀምሮ" የሚባል ነገር ስለሌለ በማግስቱ የምከፍለው ዕዳ የለብኝም። በማግስቱ የሚያምረኝ ራሱ ጎመን ነው፤ ከሦስት ቀን ዶሮና ሥጋ በኋላ ሰውነት ይለምነዋል። ስኳሬ በመጨረሻው ምርመራ ወደ ልኩ ተመልሷል። ኪሎዬን አላውቀውም፣ ሚዛኑ እህቴ ጋር ነው።

አንድ ያልፈታሁት ነገር አለ። የጾም ምግብ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ጤናማ አይደለም። ሳምቡሳውም ጾም ነው፣ የተጠበሰው ድንችም ጾም ነው። በተለይ ሽሮ። ሽሮ ዘይቱ ከላይ ፈጦ ካልታየ የተሠራ አይመስለኝም። ዘይት ቀንሼ ሞከርኩ፣ ቲማቲም አብዝቼ ሞከርኩ፣ በሸክላ ድስት ቀስ ብዬ አንተከተክሁት። የሚበላ ነው፤ ግን በራሴ ሕግ ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም። ስለዚህ ለጊዜው ሽሮን ከነዘይቷ እበላታለሁ፣ ዓርብ ዓርብ።