እህቴን ወደ ሴቶች ፕሮ ጎልፍ ሳስገባ፤ የስፖንሰር ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ልጃችሁ ወይም እህታችሁ ጎልፍ ላይ ጎበዝ ከሆነች፣ "ለምን ፕሮ አትሆንም?" (ማለትም ጎልፍን ለምን መተዳደሪያዋ አታደርገውም) የሚል ወሬም ቤታችሁ ከገባ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ የታናሽ እህቴ ካዲ (የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ) ነኝ። ሹፌሯም ሒሳብ ያዧም እኔው ነኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በቋንቋችን የሚያስረዳን ሰው ፈልገን አጥተናል። ስለ ስፖንሰር ውል ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ቤተሰባችን ያን ክፉ ዓመት ባላሳለፈ ነበር።

የልጅነቱ ክፍል ቀላል ነው። ፈርስት ቲ የሚባለው ፕሮግራም ልጆችን ከዜሮ ያስተምራል። ዩዝ ኦን ኮርስ ውስጥ የተመዘገበ ልጅ በፕሮግራሙ ባሉ ሜዳዎች በ5 ዶላር ወይም ከዚያ ባነሰ ይጫወታል። ለሴቶች ልጆች ብቻ ደግሞ ኤልፒጂኤ (የሴቶች ፕሮ ጎልፍ ማኅበር) እና ዩኤስጂኤ (የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር) አብረው የሚደግፉት፣ በ1989 የተጀመረ ፕሮግራም አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከፍ ስትል የኤጄጂኤ (የአሜሪካ ታዳጊዎች ጎልፍ ማኅበር) ውድድር ይመጣል። ጉዞና ሆቴል የሚከብደው ያኔ ነው። ኤጄጂኤ አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ኤስ ግራንት የሚባል ድጎማ ይሰጣል። አመልክቱ። ወላጆቼ እርዳታ መጠየቅ አፍረው ነበር፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።

እህቴ ያደገችበት ሜዳ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ላንግስተን ነው። ጥቁሮች አብዛኛው ሜዳ በማይገቡበት ዘመን፣ በ1939 ተከፈተ። እንዲሠራ ከወተወቱት መካከል ዌክ ሮቢን የተባለው የጥቁር ሴቶች ጎልፍ ክለብ አለበት። ክለቡን ሄለን ዌብ ሃሪስ የተባለች መምህርት በ1937 ቤቷ ሴቶች ሰብስባ አቋቋመችው። ኤልፒጂኤ ራሱ በ1950 ሲመሠረት መሥራቾቹ 13 ሴቶች ነበሩ፤ ቤብ ዛሃሪያስ፣ ፓቲ በርግና ሉዊዝ ሰግስ ከነሱ መካከል ናቸው። ቱሩ ላይ፣ ማለትም ማኅበሩ በየዓመቱ በሚያካሂዳቸው ተከታታይ ውድድሮች ላይ፣ ጥቁር ሴት ለማየት ግን አልቲያ ጊብሰን እስከገባችበት እስከ 1964 መጠበቅ ግድ ሆነ። በ1967 ሬኔ ፓወል ተከተለቻት። እህቴ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንድታውቀው ያደረግኩትም እኔ ነኝ። ብቻዋን ጥቁር ሆና በቆመችበት ሜዳ ሁሉ ጠቅሟታል።

ዩኒቨርሲቲ በስኮላርሺፕ ገባች። ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። በሷ ጊዜ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለሴቶች ጎልፍ ቡድኑ መስጠት የሚችለው ቢበዛ የ6 ሰው ሙሉ ክፍያ ነበር፤ አሰልጣኞች ያንን ለብዙ ሰው ይከፋፍሉታል። ከፊሉን ሲሰጧችሁ አትቀየሙ፤ በየዓመቱ ጨምሩልን በሉ።

አሁን ወደ ፕሮው እንምጣ። ቱር ቀጣሪ አይደለም፤ ደመወዝ የለም። ተጫዋቿ ለራሷ የምትሠራ ሰው ናት። የመግቢያ ክፍያው፣ አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ካዲው ሁሉ ከኪሷ ነው። በ2023 ወደ ኤልፒጂኤ ቱር የሚያስገባውን ማጣሪያ ጀመርን። የመጀመሪያው ደረጃ በነሐሴ ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው በጥቅምት ቬኒስ በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ ነው። የመጨረሻው ሞቢል፣ አላባማ ነው። እህቴ ሞቢል አልደረሰችም። ሁለተኛውን ደረጃ ተጫውታ ስለጨረሰች ግን ኤፕሰን ቱር ላይ ቦታ አገኘች።

ኤፕሰን ቱር የኤልፒጂኤ መሰላል ነው። በ1981 በሌላ ስም ተጀመረ፣ ኤልፒጂኤ በ2007 የራሱ አደረገው፣ የአሁኑን ስሙን በ2022 አገኘ። በ2024 የዓመቱ የመጀመሪያዎቹ 15 ተጫዋቾች ወደ ኤልፒጂኤ አለፉ። ይህን ሲሰሙ ሰዎች "በቃ ገባች" ይላሉ። ቦታ ማግኘት ማለት ግን በየሳምንቱ መጫወት ማለት አይደለም። የቅድሚያ ዝርዝር አለ። ዝርዝሩ ግርጌ ያለች ልጅ ሻንጣዋን ሸክፋ ስልክ ትጠብቃለች።

ገንዘቡን በደንብ ስሙኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ይህን ካለማወቅ ነው። በ2022 የአንድ የኤፕሰን ውድድር ዝቅተኛ ጠቅላላ ሽልማት 200,000 ዶላር ሆነ። አሸናፊዋ ከዚያ 30,000 ገደማ ትወስዳለች። ከሁለት ቀን ጨዋታ በኋላ ከ60ኛ በታች ያሉት ይሰናበታሉ። የተሰናበተች ልጅ ባዶ እጇን ነው የምትሄደው። 60ኛ የወጣችው ጥቂት መቶ ዶላር ታገኛለች፤ የሳምንቱን ሆቴል አይሸፍንም። ላይኛው ሰፈር ሌላ ዓለም ነው። በ2024 የዩኤስ የሴቶች ኦፕን ጠቅላላ ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ታይላንዳዊቷ ጂኖ ቲቲኩል በኤልፒጂኤ የመዝጊያ ውድድር ብቻዋን 4 ሚሊዮን ወስዳለች። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ይህንን ነው።

ስፖንሰራችንም ያየው ይህንኑ ነው። በሰኔ 2022 የኬፒኤምጂ የሴቶች ፒጂኤ ሻምፒዮና እኛው ሰፈር፣ ቤተዝዳ በሚገኘው ኮንግሬሽናል የጎልፍ ክለብ ተደረገ። ሽልማቱ በዚያው ሳምንት ከ4.5 ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር አደገ። ኮሪያዊቷ ኢን ጂ ቹን አሸንፋ 1.35 ሚሊዮን ወሰደች። አብሮን የነበረ አንድ የማኅበረሰባችን ነጋዴ ነበር። የተከበረ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። "አንቺም እዚህ ትቆሚያለሽ። ወጪውን ለኔ ተይው" አላት እህቴን። እናቴ መርቃ አልጠግብ አለች።

እህቴ ፕሮ ስትሆን ቃሉን አላጠፈም። ውል ይዞ መጣ። የዓመቱን ወጪ በአራት ጊዜ ይከፍላል። የከፈለው እስኪመለስለት ድረስ ከሽልማቷ ግማሹን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ሃያ በመቶ። ኮፍያዋና ደረቷ ላይ የሱ ድርጅት ምልክት ብቻ ይሆናል። ሲጠራትም ከእንግዶቹ ጋር ትጫወታለች። "ጋሼ፣ የኛም ጠበቃ ይየው" አልኩት። "በኛ መካከል ጠበቃ ምን ያደርጋል? ቤተሰብ አይደለንም ወይ?" አለኝ። እናቴ በኔ አፈረች። "ሰውየውን አታስቀይም" አለችኝ። ተፈረመ።

የመጀመሪያው ክፍያ በሰዓቱ ገባ። የውድድር ዓመቱ በመጋቢት ፍሎሪዳ፣ ዊንተር ሄቨን ላይ ተከፈተ። ሁለተኛው ክፍያ በሚያዝያ መግባት ነበረበት፤ አልገባም። ስደውል "ሰኞ" ይለኛል። ሰኞ ስደውል "ባንኩ ነው" ይለኛል። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። የውድድር መመዝገቢያ ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። የመግቢያውን በኔ ክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ቤንዚኑንም፣ ሆቴሉንም። በዚያው ወር እህቴ በአንድ ውድድር ከሁለት ቀን በኋላ ከሚሰናበቱት ተረፈችና ትንሽ ሽልማት አገኘች። ሳምንቱ ሳያልቅ የሱ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለች። ግማሹን ላኩ ነው። "ወጪውን እኮ እኛ ነን የሸፈንነው" አልኳት። ውሉን አነበበችልኝ። ግማሹ የሚታሰበው ከጠቅላላ ሽልማት ነው። ወጪውን ማን ሸፈነው የሚል ነገር የትም የለም። እሱ ክፍያ ቢያዘገይ ምን ይሆናል የሚልም የለም። እኛ ብናዘገይ ግን ቅጣቱ በዝርዝር ተጽፏል። ያን ውል የጻፈው ጠበቃ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ፊቱ ቁጭ ብላ "ይህ የተለመደ ነው" ብሎ አስፈረማት።

አንድ የጓንት አምራች ለኮፍያዋ ጥሬ ገንዘብ ሊከፍል መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ለኛ ግን የሳምንታት ወጪ ነው። ውሉ ይከለክላል። ጋሼን ለመንኩት። "የኔን ስም ከሌላ ጋር ልታደባልቁት ነው?" አለኝ። ክፍያውን እያስቀረ ኮፍያውን ግን ያዘ።

ከሁሉም ያመመኝ ግን የበጋው ነው። እህቴ ዝርዝሩ ላይ ታች ስለነበረች አንድ ውድድር የምትገባበት መንገድ ከውድድሩ በፊት ሰኞ የሚደረገው ማጣሪያ ብቻ ነበር። በዚያው ሰኞ ጋሼ ቨርጂኒያ ውስጥ ለደንበኞቹ የጎልፍ ግብዣ አዘጋጀ። "ትምጣ" አለ። ውድድር እንዳለባት ነገርኩት። "አንድ ሰኞ ብትቀር ምን ትሆናለች?" አለኝ። ጠበቃው ደብዳቤ ላከ። እህቴ "ወንድሜ፣ ልሂድና ይብቃን" አለች። ሄደች። ቀኑን ሙሉ ኳስ መምታት ከማይችሉ ሰዎች ጋር ፎቶ ስትነሳ ዋለች። ያን ሰኞ አልረሳውም፤ ይቅር ማለትም እስካሁን አልቻልኩም።

በጥር የግብር ወረቀቱ መጣ። በስሟ የተጻፈው ሙሉው ሽልማት ነው፤ ለጋሼ የሄደው ግማሽም አለበት። በዚያ ላይ በአብዛኛው ግዛት ስትጫወት እዚያ ላገኘችው ገንዘብ ለዚያው ግዛት ግብር ታስታውቃለች። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ቴነሲ የግለሰብ የገቢ ግብር የላቸውም፤ ካሊፎርኒያ አላት። የስፖርተኛ ሒሳብ የሚያውቅ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። የሰፈር ሒሳብ ሠራተኛ ይበቃል የሚሏችሁን አትስሙ።

ነገሩ በሽምግልና አለቀ። አንድ ቄስና የእድር ሰዎች ተቀመጡ። የሃያ በመቶው ነገር ተሰረዘ። እሱ የከፈለውን፣ የወሰደውን ቀንሰን፣ በየወሩ እንድንመልስ ተስማማን። እየመለስን ነው። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጅ "ገንዘቤን በሉት" እያለ ያወራል። የእህቴን ስም ለማጥራት እውነቱን ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ዛሬ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? አንደኛ፣ አሰልጣኞች ሁሉ "በተመረቀችበት ዓመት ማጣሪያው ትግባ" ይላሉ። እኔ አልስማማም። የማጣሪያው ክፍያ በሺዎች ነው። አንድ ዓመት እንደ አሪዞናው ካክተስ ቱር ባሉ ትናንሽ ቱሮች ትጫወት። በርካሽ ትማራለች። ደግሞም ከ2022 ወዲህ የአማተር (ፕሮ ያልሆኑ ተጫዋቾች) ሕጉ ስለተለወጠ ፕሮ ሳትሆንም ስፖንሰር መቀበል ትችላለች። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ሆቴል ተዉ። ኤፕሰን ቱር በሚሄድባቸው ከተሞች ተጫዋቾችን ቤታቸው የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። ጠይቁ። በዐቢይ ጾም ያረፍንባቸው ባልና ሚስት ሥጋም ወተትም እንደማንበላ ስንነግራቸው በየማታው ምስር ይቀቅሉልን ነበር። እንደነሱ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። ካዲ መቅጠር ካልቻላችሁም አትጨነቁ፤ ብዙዎቹ ልጆች ጋሪያቸውን ራሳቸው እየገፉ ይጫወታሉ።

ገንዘቡን ከአንድ ትልቅ ሰው አትቀበሉ። አሁን የሚረዱን ብዙ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ በወር ትንሽ ያዋጣል። ስጦታ ነው፤ መቶኛ የለውም። የሰጡት ከግብራቸው እንደማይቀነስ በግልጽ ነግረናቸዋል፤ እህቴ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለችምና። በየወሩ መጨረሻ የት እንደተጫወተች፣ ስንት እንደወጣና ስንት እንደገባ እጽፍላቸዋለሁ። አንድም ሰው ጥሎን አልሄደም።

የግድ አንድ ባለሀብት ከሆነ፣ ድርሻው ከወጪ ቀሪ ላይ ይታሰብ። የሚመለስለት ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያው ሲሞላ ውሉ ይለቅ። የውድድር ዓመቱ ከመከፈቱ በፊት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይግባ። ቢያዘገይ ድርሻው ይቁም። በውድድር ሳምንት፣ ሰኞንም ጨምሮ፣ ለማንም ግብዣ አትጠራም ተብሎ ይጻፍ። ውሉን የራሳችሁ ጠበቃ ያንብበው፤ ለጥቂት ሰዓት ሥራ የምትከፍሉት እኛ ዛሬም በየወሩ ከምንከፍለው ጋር አይወዳደርም። እናታችሁ ብታፍርም አንብቡት።