አልትራሳውንዱ «ደህና» ሲል

ከሐይቅ ገጠር ወደ ደሴ የመጡ አንዲት እናት ባለፈው ሰሞን አልጋው ላይ ከመውጣታቸው በፊት፣ «ዶክተር፣ ሳንባዬን በመሣሪያ እይልኝ፤ ክረምት ከበጋ ያስለኛል፤ ዳገት ስወጣም ትንፋሼ ይቆረጣል» አሉኝ። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ነገር ግን መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ በኩበትና በጭራሮ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። ጄሉን ቀብቼ ደረታቸውን ከፊትም ከጀርባም ቃኘሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ፊቴን አይተው «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው?» ሲሉኝ ወዲያው መመለስ አቃተኝ፤ እሳቸው ግን «አብሽር፣ ንገረኝ» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

መልሱ ያስቸገረኝ፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የያዘው ሳንባ በአልትራሳውንድ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ ሳንባ ስለማይለይ ነው። የመሣሪያው ድምፅ በሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አየር የሞላው ሳንባ ጋ ሲደርስ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የምናየው የሳንባውን ውስጥ ሳይሆን ሽፋኑን፣ ከትንፋሽ ጋር መንሸራተቱን፣ ከሥሩም በእኩል ርቀት የሚደጋገሙትን ኤ መስመር የምንላቸውን አግድም መስመሮች ነው። ፈረንሳዊው የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዳንኤል ሊሽተንስታይን በ2008 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ጋር ባወጣው፣ ትንፋሽ አጥሮት የመጣን ሕመምተኛ በምንመረምርበት ቅደም ተከተል ውስጥ እንኳ ይህ በሽታና አስም የሚጠረጠሩት ሌላ ነገር ሁሉ ሳይገኝ ሲቀር ነው።

መሣሪያው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሳንባ ውስጥ ውሃ ሲቋጥር ወይም ጠባሳ ሲበዛ ከሽፋኑ ተነሥተው እስከ ስክሪኑ ታች የሚወርዱ፣ ቢ መስመር የሚባሉ ቀጥ ያሉ ጨረሮች ይታያሉ፤ በአንድ የጎድን አጥንት ክፍተት ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ያሳስባሉ። በልብ ድካም የሚመጣውን የትንፋሽ ማጠር ከሌላው ለመለየት ከዚህ የቀለለ ዘዴ አላውቅም፤ እንደ ራጅ ጎጂ ጨረር የለውም፣ በደቂቃዎችም ያልቃል። እኚህ እናት ዘንድ ግን አንድም ቢ መስመር አልነበረም።

በስተቀኝ፣ ጉበትን እንደ መስኮት ተጠቅሜ፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራሙን፣ አየሁት። ጤነኛ ሴት በረጅሙ አየር ስትስብ በአማካይ 5.7 ሴንቲ ሜትር፣ ወንድ ደግሞ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ታች ይወርዳል። አየር ሳንባ ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ጡንቻው ቀድሞ ስለተገፋና ስለተዘረጋ የሚሄድበት ቦታ ያጥረዋል። የእሳቸው 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞላም። ይህ ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም፤ ያንኑ ሰው ሁለቴ ለክቼ የተለያየ ቁጥር ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የትንፋሽ አሳሳቡ ይለያያላ!

ፈራጁ ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም በቱቦ በኃይል አስነፍቶ የሚወጣውን አየር የሚለካው ምርመራ ነው። ቧንቧ የሚያሰፋውን መድኃኒት ከሳቡ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በጠቅላላ ከሚወጣው ሲካፈል ከ0.70 በታች ከሆነ መጥበቡ ተረጋገጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 3.5 ሚሊዮን ሰው ገድሏል የሚለው በሽታ የሚታወቀው በዚህ ቀላል እፍ ማለት ነው። ቀድሞ በሠራሁበት ተቋም ግን አልትራሳውንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሠራ፣ የስፓይሮሜትሪው ዕቃ የአፍ ቱቦ አልቆበት ካርቶኑ ውስጥ ይኖር ነበር። ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ መመርመር አይመከርም፤ ዓመት ከዓመት የሚያስለውና በጭስ የኖረው ግን አልትራሳውንዱ ጥርት ብሏል ተብሎ ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ሳንባ ደህና» አላልኩም። «በአልትራሳውንድ ውሃም ጠባሳም አልታየም፤ የድያፍራሙ እንቅስቃሴ ያንሳል፤ ስፓይሮሜትሪ ይሠራ» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ ሲነፉ የመጀመሪያው ላይ ሳቃቸው መጣና ተበላሸ፤ በሁለተኛው ሳል አቋረጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ጊዜ በደንብ ነፉ። መድኃኒቱን ከሳቡ በኋላም ውጤቱ 0.58 ነበር።