ሞተሬ በ9 ቀን ተገኘ፤ እጄ የገባው ግን በ5 ወሩ ነው

ይህን የምጽፈው ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ባልደረቦቼ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ዛሬም ሲደግሙት ስለማይ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉኛል እንጂ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ከጅማ ተነሥቼ በሰቃና በማና ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት ስለምከትብ ሞተር ለእኔ የዕለት እንጀራዬ ነው።

የተሰረቀው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ጅማ መርካቶ አጠገብ ካለ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ፤ መሪውን ቆልፌ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ስወጣ ሞተሩ የለም፤ ከሥሩ የነበረው ደረቅ መሬት ገና አልረጠበም። የመሪው ቁልፍ በአንድ ጠንካራ ጠመዘዛ እንደሚሰበር የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሲሆን፣ የነገረኝም በማግስቱ ነው።

ወዲያው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ «የሞተርና የሻንሲ (የአካሉ ብረት) ቁጥር» አለኝ። ዝም አልኩ። ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ ማለት ነው፣ ከክትባት መዝገቡ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ነበር፤ ሌባው ሞተሩን ከነወረቀቱ ወስዶልኛል። «እንግዲያው ቁጥሩን ይዘህ ነገ ና» ተባልኩና ወጣሁ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 14 አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ለአቅራቢው ተነቦለት፣ ቀን ተጽፎበት እንዲፈረም ያዝዛል እንጂ ቁጥር ያልያዘ ሰው ይመለስ አይልም። ይህን ያን ማታ ባውቅ ኖሮ ከወንበሩ አልነሣም ነበር። ቁጥሩን ያገኘሁት በማግስቱ ረፋድ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ከገባሁበት ቢሮ ነው፤ የውሉ ቅጂ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ሰፍረዋል። መድኑ ግን ለስርቆት አንዲት ሳንቲም አይከፍልም፤ የሚሸፍነው በሞተሩ ሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው።

ፖሊስ «ራስህ አትፈልግ፣ ምርመራውን ታበላሻለህ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁም፤ ባለመስማቴም አልተጸጸትኩም። የክትባት ሣጥኑን የማስርበት፣ ከኋላ በብየዳ የተሠራ ብረት ነበረኝ። ብየዳው ጠማማ ስለሆነ ከሌላ ጋር አይምታታም። በስልኬ የነበረውን ፎቶ ከአጂፕ ሰፈር ጀምሮ እስከ አጋሮ መንገድ ላሉ መካኒኮች ላክሁ። በዘጠነኛው ቀን ከአጋሮ መንገድ አንዱ ደወለልኝ፤ ሰሌዳ የሌለው ሞተር የቁልፍ ማስገቢያው እንዲቀየርለት መጥቶለት ከኋላው ያንን ብረት አይቷል። በራሴ እግር አልሄድኩም፤ ፖሊስ ይዤ ሄድኩ። ይህችን ብቻ በትክክል ሠርቻለሁ። የያዘው ሰው በቡና ሽያጭ ገንዘብ ከማያውቀው ደላላ በርካሽ የገዛ ገበሬ ነበር፤ ስለ ሊብሬው ሲጠየቅ «በኋላ ይመጣል ተባልኩ» አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛን ሰው ይቀጣል፤ ማወቅ አለማወቁን ግን ለዐቃቤ ሕጉ ተውኩት።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሞተሩ ኤግዚቢት (የወንጀል ማስረጃ) ተብሎ ጣቢያው ግቢ ቆመ፤ መርማሪውም ባለንብረትነቴን እንዳስረዳ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ሞተሩን የገዛሁት ከአንድ ቡና ሰብሳቢ ነው፤ እርሱ ደግሞ በውክልና፣ ማለትም ስሙን ሳያዞር የውክልና ወረቀት ብቻ ይዞ፣ ከመጀመሪያው ባለቤት ገዝቶት ነበር። የስም ማዞሪያውን ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ስል እኔም በውክልናው ቀጠልኩበት፤ ሁለት ዓመት ነዳሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም። መርማሪው መዝገቡን ሲያጣራ የመጀመሪያው ባለቤት ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውክልና በወካዩ ሞት ቀሪ ስለሚሆን፣ በእጄ የነበረው ማኅተም የበዛበት ወረቀት ከእርሳቸው ጋር ሞቷል። «የሞተ ሰው አይወክልም፤ ወራሾቹን አምጣ» አለኝ መርማሪው፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ያናደደኝም ትክክል መሆኑ ነው።

ሚስታቸውን ሊሙ መንገድ አገኘኋቸው። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና የመጣሁበትን ስነግራቸው «ልጄ፣ እሱ ሞተሩን ሸጦት ነበር እንዴ?» አሉኝ። ከኋላቸው የቆመው ትልቁ ልጃቸው ግን ወዲያው ገብቶታል፤ ሞተሩ በሕግ ዓይን የእነርሱ ነው። ያንን ወጣት አልወቅሰውም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ዋጋ እጠራ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ሽማግሌ ልኬ፣ በ15,000 ብር ተስማማን፤ የገዛ ሞተሬን ሁለተኛ ገዛሁት ማለት ነው። የወራሽነት ማስረጃ ስንል ግን ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ዕረፍት ተዘግቶ ነበር፤ ዕረፍቱ ሲያበቃ ጥቅምት ሆነ፤ በቤተሰቡ ፈቃድ ማስረጃው ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወጣ። ማመልከቻዬን በአፋን ኦሮሞ ላስጻፍኩበት የፍርድ ቤት በር ላይ ጸሐፊ ብቻ አራት ጊዜ ከፍያለሁ፤ በየጊዜው አንድ ቃል ጎደለ እየተባለ ይመለስ ነበር። ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት ስመላለስ ክትባት የጠበቁኝ ቀበሌዎች ሌላ ባለሙያ ፈለጉ።

ስለዚህ ሞተር በውክልና አትግዙ፤ ሻጩ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ በዚያው ሳምንት ስሙን አዙሩ፤ ለስም ማዞሪያው ገንዘብ ካልበቃችሁ ደግሞ አትግዙት። ትራፊክ ፖሊስ ዋናውን ሊብሬ ያዝ ይላል፤ እኔ ግን ዋናውን ቤት ትቼ ቅጂውን ነው የምይዘው፤ በዚህ ሰበብ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቄያለሁ፤ ሦስተኛም ቢመጣ እጨቃጨቃለሁ። የሻንሲውን ቁጥር መሪው አንገት ላይ ከተመታበት ፎቶ አንሡና ለሚስታችሁ ላኩላት። መሪ መቆለፍ ብቻ አይበቃም፤ የኋላ ጎማውን በሰንሰለትና በሉኬቶ እሰሩ። ከሁሉም በላይ የማይምታታ ጠባሳ ይኑረው፤ ጥሩ ብየዳ የሠራ ሰው የእኔን ዕድል አያገኝም።

ታኅሣሥ ላይ ፈርሜ ስረከበው ሞተሩ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር አምስት ወር ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ነበር። መቀመጫው ተሰንጥቆ ሽበት አብቅሏል፤ ካቴናው (የጎማው ሰንሰለት) ዝጎ ደርቋል። ስንይዘው የነበረው ባትሪ ግን ቦታው ላይ የለም። የርክክብ ቅጹ ላይ «ሞተር ብስክሌት፣ ብዛት 1» ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረምና ጠባቂውን ብጠይቀው ቅጹን አሳየኝ።