የሁለት ሰው ግብዣ፣ የአንድ ሰው ጉዞ

ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በአገር ቤት የአርበኞች የድል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ እኔ ጣሊያን ውስጥ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር መሸርሸር የመጀመሪያ ትምህርቴን እሰጥ ነበር። የዕለቱን ትርጉም ለተማሪዎቹ ነገርኳቸው። በጸጥታ አዳመጡኝ፤ አንደኛው ከክፍለ ጊዜው በኋላ ስለዚያ ዘመን ሊጠይቀኝ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ለሁለተኛው መምህር የተዘጋጀው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ግብዣው የተጻፈው ለእኔና ለሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቦሎኛ የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የጋበዘን ኢራስመስ ፕላስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ነው። ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1987 በ11 አገሮች መካከል 3,244 ተማሪዎችን በማለዋወጥ ተጀመረ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ በሩን እንደ እኛ ላሉ ከአውሮፓ ውጪ ለሚገኙ አገሮችም ከፍቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ይዋዋላሉ፤ ገንዘቡ በአውሮፓው ዩኒቨርሲቲ በኩል ይመጣል፤ ተጓዡ መምህር ቢያንስ አምስት ቀን ቆይቶ ስምንት ሰዓት ያስተምራል። ለአንድ ሴሚስተር የሚሄድ ተማሪ እንደሚማርበት አገር የኑሮ ውድነት በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ያገኛል። የጉዞው ድጎማ የሚሰላው በቲኬቱ ዋጋ ሳይሆን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ቀጥተኛ ርቀት ሲሆን፣ የቀን ወጪውም በተቆረጠ ሒሳብ ስለሚከፈል ለእያንዳንዱ ምሳ ደረሰኝ የሚጠይቅ የለም። የውሎ አበል ሒሳብ ለማወራረድ ስንት ቀን እንደሚባክን የሚያውቅ የአገራችን መምህር ይህ እምነት ምን ያህል ክብር እንደሆነ ይረዳኛል።

ገንዘቡ ግን ሰውን የሚያደርሰው እስከ ቪዛው በር ድረስ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ የቪዛ ገደብ ጥሏል። የአጭር ጊዜ ቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ያለ ሕጋዊ ፈቃድ በአውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላሳየም የሚል ነው። እኔና ባልደረባዬ በዚህ ክርክር ውስጥ እጃችን የለበትም። መጋቢት 15 ቀን አዲስ አበባ ላይ አብረን ተሰልፈን፣ ግብዣውን፣ የድጎማውን ውል፣ የደመወዝና የባንክ ማስረጃውን፣ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለውን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የተተረጎመ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ እያንዳንዳችን ከ90 ዩሮ የማመልከቻ ክፍያ ጋር አስረከብን። የእኔ ፓስፖርት በ36ኛው ቀን ተመለሰ። የእርሷ አልመጣም፤ ማንም ሕግ አልጣሰም፣ 45ቱ ቀን ገና አላለቀምና።

ቅዳሜ ሌሊት ተነሥቼ ሚላኖ ገባሁ፤ ከዚያ ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ቦሎኛ አደረሰኝ። ከጣቢያው እስከ ማረፊያዬ የሄድኩት በዚያች ከተማ ስመ ጥር በሆኑት ባለ ቅስት በረንዳዎች ሥር ነው፤ ርዝመታቸው በጠቅላላው 62 ኪሎ ሜትር ሲሆን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አስተናጋጄ የነበሩት ፕሮፌሰር እንዳስረዱኝ፣ በመካከለኛው ዘመን ከየአገሩ የሚጎርፈው ተማሪና ነጋዴ ማደሪያ ሲያጣ የቤት ባለቤቶች የላይኛውን ፎቅ ወደ መንገዱ እየገፉ ክፍል ጨመሩ፤ በረንዳዎቹ ከሥሩ የቀረው ቦታ ናቸው። ለእንግዳ ተማሪ ሲባል የከተማ መልክ መለወጡ ደስ አሰኘኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኒሁ ፕሮፌሰር ወደ አርኪጂናዚዮ ወሰዱኝ። በ1563 የተሠራው ይህ ሕንፃ እስከ 1803 የዩኒቨርሲቲው መቀመጫ ነበር፤ ዛሬ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ግድግዳውና ጣሪያው ከተለያየ አገር መጥተው በተማሩ ሰዎች የጋሻ ዓርማ ተሸፍኗል፤ ወደ 6,000 ይደርሳሉ። አንገቴን አቅንቼ ስመለከት ፕሮፌሰሩ ስለ አንድ ሕግ አጫወቱኝ። ንጉሠ ነገሥት ፍሬደሪክ ባርባሮሳ በ1158 በሮንካሊያ ጉባኤ ያጸናውና «ሀቢታ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሕግ፣ ለእውቀት ፍቅር ሲሉ ከአገራቸው የወጡ ተማሪዎች በሰላም እንዲጓዙና እንዲኖሩ ያዛል። በዚያን ዘመን አንድ የቦሎኛ ነጋዴ ከአንድ ከተማ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ሲያቅተው፣ ከዚያች ከተማ የመጣውን ማንኛውንም ተማሪ ይዞ ንብረቱን መውሰድ የተለመደ ነበር። ሀቢታ ይህን ከለከለ፤ ተማሪ በአገሩ ሰው ዕዳ አይያዝም አለ።

ቃሉን ስሰማ ልቤ ወደ ባልደረባዬ ሄደ። አገሮች የድንበራቸውን ጉዳይ የመወሰን መብት እንዳላቸው አልክድም። ነገር ግን በመንግሥታት መካከል ያለ አለመግባባት በአንዲት የቦረቦር ተመራማሪ የጉዞ ቀን ላይ ሲወራረድ፣ ያው የጥንቱ የአገር ሰው ዕዳ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባል፤ በተለይም አንደኛው የኅብረቱ እጅ ድጎማ ሰጥቶ የጠራትን ሌላኛው እጅ በደጅ ሲያቆማት። ጉዞው ካልተፈጸመ የጉዞ ድጎማ የለምና፣ የማመልከቻውን፣ የትርጉሙንና ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የተመላለሰችበትን ወጪ የቻለችው ከደመወዟ ነው።

ሐሙስ ማታ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ቪዛው ተመትቶልኛል» አለችኝ። 45ኛው ቀን ነበር። የግብዣችን የመጨረሻ ዕለት ደግሞ በማግሥቱ ዓርብ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም አልተናገርንም፤ ከዚያ እርሷ፣ «ነገ ወደ ኮረብታው ስትወጡ ስልክዎ ቻርጅ ይኑረው» አለችኝ።

ከቦሎኛ በስተደቡብ በአፔኒን ተራሮች ግርጌ ካላንኪ የሚባሉ ግራጫ የሸክላ አፈር ቦረቦሮች አሉ፤ ዝናብ እንደ ቢላ የሰነጠቃቸው፣ በጎናቸው ሣር የማይዝ ገደላማ መሬቶች ናቸው። የእርሷ ትምህርት በእነዚህ ላይ ነበር የታቀደው። ተማሪዎቹ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አያውቁትም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በአካባቢው በደረሰው ጎርፍ ብዙ ኮረብታ ሲንሸራተት አይተዋል። ዓርብ ጠዋት ስልኬን ወደ ገደሉ አዙሬ ያዝኩላት። መጀመሪያ አንድ ተማሪ ይዞት የመጣውን ካርታ እንዲያሳያት ጠየቀች፤ ቀጥላ በእኛ አገር ቦረቦር እንዳይሰፋ ከብት ከልክሎ መሬት ማሳረፍና በድንጋይ ክትር ውሃን ማዘግየት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳች። ድምፅዋ አልፎ አልፎ ይቆራረጥ ስለነበር የጎደለውን እኔ እሞላ ነበር። ከዚያ የቦረቦሩን ጫፍ ትኩር ብላ አየችና፣ ከላይ ያለው እርሻ ውሃውን በየት በኩል እንደሚለቅ፣ ጫፉም ከእርሻው ድንበር ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀች። ማንም አላወቀም። ሁለት ተማሪዎች ሜትር ይዘው በሸክላው ላይ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ፣ እርሷ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ማዶ ቁጥሩን ለመጻፍ ብዕሯን ይዛ ትጠብቅ ነበር።