አሮጌዋን ፊፍቲ ካል ከመተኮሳችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው የአሜሪካን ጦር ለምትቀላቀሉ ልጆች ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ፊፍቲ ካል የምንላት ኤም 2 የምትባለው መትረየስ ነች፤ የዲሽቃ እኩያ ነች፣ 12.7 ሚሊሜትር። ጆን ብራውኒንግ ንድፏን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። ሰውየው በ1926 ሞተ፤ እሷ ግን በኮሪያም፣ በቬትናምም፣ በኢራቅም ተተኩሳለች። የምትሠራው በራሷ ምት ነው። ጥይቱ ሲወጣ አፈሙዙ ወደ ኋላ ይመታል፤ ያ ጉልበት ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ጥላሸት የሚደፍነው የጋዝ ቱቦ የላትም። እወዳታለሁ።

መፍታትና መግጠሙ ይለመዳል። ክብደቷም ይለመዳል፤ ያለ መቆሚያዋ 38 ኪሎ ነች፣ ለሁለት ትይዟታላችሁ።

እኔን ያቃጠለኝ ሄድስፔስ ነው። ጥይቱ ጎርሶ ቦልቱ፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ የሚደግፈው ተንቀሳቃሽ ብረት፣ ሲዘጋ፣ በቦልቱ ፊትና በቀለሁ መቀመጫ መካከል የሚቀረው ክፍተት ማለት ነው። በአሮጌዋ ኤም 2 ይህን የሚያስተካክለው ተኳሹ ራሱ ነው፤ አፈሙዙን ያጠብቃል፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይመልሳል። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ እዚያው ይፈነዳል፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ያቆስላል። መለኪያው ጌጅ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ መግባት አለበት፣ ሌላው መግባት የለበትም። የሁለቱ ልዩነት 0.1 ሚሊሜትር ነው።

የተኩስ ልምምድ ቀን ጌጁ አልመጣም። የታለ ብዬ ስጠይቅ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሳጅን "ትናንት ተስተካክላለች፣ ዝም ብለህ ተኩስ" አለኝ። አፈሙዙ ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር ግን የሌላዋ መትረየስ ነበር። ተቀያይሯል። አልተኩስም አልኩ። ፈራህ ተባልኩ። ሰልፉ በሙሉ በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ ቆመ፤ ጓደኞቼ ሳይቀሩ አጉረመረሙ። ሳጅኑ ፎርም መሙላት እንጂ መትረየስ ማየት አይፈልግም ነበር። ፎርሙ ላይ "ተስተካክላለች" ይላል፣ በቃ። ጌጁ በስንት ልመና ከሌላ ክፍል መጣ። መግባት የሌለበት ጫፍ ሰተት ብሎ ገባ። ሁሉም ዝም አለ። እስከ ዛሬ ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ንዴቱም አልወጣልኝም። በአቋሜ ግን እኮራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተሻሻለችው ኤም 2 ኤ 1 መጣች። ሄድስፔሷ ተወስኖ ነው የሚመጣው፣ አፈሙዟም ቶሎ ይቀየራል። ብዙዎቹ አሮጌዎቹ ራሳቸው ናቸው የተሻሻሉት። ሰማንያ ዓመት ግድም ሠርታ መለወጥ ያስፈለገው በዋናነት ይኸው አንድ ነገር መሆኑ ስለ ንድፉ ብዙ ይናገራል። አንዳንድ አሠልጣኞች ታዲያ "የድሮውን እርሱት" ይላሉ። አልስማማም። አሮጌዋ በብዙ አገር ጦር እጅ ገና አለች፤ ከሌላ አገር ጦር ጋር ልምምድ ስትወጡ ልታገኟት ትችላላችሁ። በጨለማም በእጃችሁ እስክታውቋት ተለማመዱ። የተስተካከለች ነች ቢሏችሁም አፈሙዙ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፣ ራሳችሁ ለኩ። ተኩስ አቁም ማለት ደግሞ የአዛዥ ብቻ ሥልጣን አይደለም፤ አደጋ ያየ ተራ ወታደርም ይላል።