ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንት

ኒውዮርክ ውስጥ የደራሲዎችን ረቂቅ ለአሳታሚ በሚሸጥ አንድ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ ኤጀንሲ በረዳትነት እሠራለሁ። ስልክ አነሳለሁ፣ የደራሲዎችን ሂሳብ አመሳክራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ደራሲዎች ልብ ወለዳቸውን እንድትሸጥላቸው ለአለቃዬ በኢሜይል የሚልኩትን ማመልከቻ ቀድሜ አነባለሁ። እዚህ አገር ትልልቆቹ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ረቂቅ በቀጥታ ከደራሲ አይቀበሉም። ኤጀንት ለሌለው ሰው በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ኤጀንት ፈልጎ የሚጽፍልን ሰው ብዛት ለጉድ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከቨርጂኒያ ደወሉ። አለቃዬን በስሟ ጠርተው፣ የላከችላቸውን ውል እንደፈረሙና ገንዘቡን ሊያስገቡ መሆኑን በእንግሊዝኛ ነገሩኝ። ቅላጼያቸው የኛ ሰው ቅላጼ ነው። ስማቸውን ስሰማ አረጋገጥኩ።

"ጋሼ፣ በአማርኛ እናውራ" አልኳቸው።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ ልጄ! እሰይ፣ እንኳን አንቺ አነሳሽው።"

"የምን ገንዘብ ነው የሚያስገቡት?"

"የአርትዖትና የምዝገባ ነው። 1,800 ዶላር። እስከ ዓርብ ካልገባ ዕድሉ ያልፍዎታል ብላኛለች።"

ቢሮአችን ደራሲን እንዲህ ያለ ክፍያ ጠይቆ አያውቅም። ምንም ሳይልኩ ኢሜይሉን እንዲያስተላልፉልኝ ለመንኳቸው።

ኢሜይሉን ሳየው ክው አልኩ። የአለቃዬ ስም አለ። ፎቶዋ አለ። የቢሮው አርማም አለ። አድራሻው ላይ ግን ከቢሮአችን ስም መጨረሻ አንዲት ፊደል ተጨምራለች። ደብዳቤው ልብ ወለዱን "ድንቅ፣ ልብ የሚነካ፣ ለፊልም የተመቸ" እያለ ይክባል። የአንድም ገጸ ባሕርይ ስም አያነሳም። ታሪኩ ድሬዳዋ ላይ የሚካሄድ ነው፤ ድሬዳዋ የምትል ቃል ግን የትም የለችም። ረቂቁን ያነበበ ሰው እንዴት ድሬዳዋን ሳያነሳ ይቀራል? የባንክ ሂሳቡ ደግሞ በማናውቀው ግለሰብ ስም ነው።

ለአለቃዬ አሳየኋት። በእውነተኛ ኤጀንቶች ስም የሚነግዱ አጭበርባሪዎች እንዳሉ ታውቃለች፤ የራሷን ስም ስታይ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። የዚያኑ ዕለት ድረ ገጻችን ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣች።

ጋሼን አጭበርባሪዎቹ ያገኟቸው ቀደም ሲል በራሳቸው ወጪ አማዞን ላይ ባወጡት የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል በኩል ነው። "ሌላ ሥራ አለዎት?" ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው አዲሱን ረቂቅ ላኩ።

ይህን ለሰው ሳወራ፣ "እንዴት አመኗቸው?" የሚለኝ አለ። እኔ ግን ይገባኛል። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የግጥም መጽሐፍ አሳትመዋል። እቁብ ሲደርሳቸው ብሩን ይዘው ማተሚያ ቤት ሄዱ። ወረቀቱንም ሽፋኑንም ከኪሳቸው ከፈሉ። ከዚያ አከፋፋዩ ድርሻውን ቆረጠ፣ የቀረውን መጽሐፍ እሳቸው በየወዳጁ ቤት ዞረው ሸጡ። እኛ አገር ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያወጣው እንዲህ ነው፤ አንባቢ ጋ የደረሰው ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ ነው። እንዲህ የኖረ ሰው "ክፈል" ሲባል ምን ይገርመዋል? እንደውም ከባድ ጉዳይ ላይ እንደደረሰ ይሰማዋል። አጭበርባሪዎቹም በደንብ የተጠቀሙበት ይህንን ነው።

ስለዚህ በስልክ ስለ ማጭበርበር ከማስተማር ይልቅ የገንዘቡን መንገድ አስረዳኋቸው። ኤጀንት ረቂቁን ለአሳታሚ ይሸጣል። አሳታሚው ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘቡ መጀመሪያ ኤጀንሲው ጋ ይገባል፤ ኤጀንሲው 15 በመቶ አስቀርቶ ቀሪውን ለደራሲው ይልካል። ለውጭ አገር ሽያጭ ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ 20 በመቶ ነው። ለምሳሌ ቅድሚያ ክፍያው 20,000 ዶላር ቢሆን 3,000ው የኤጀንቱ፣ 17,000ው የደራሲው ነው፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን ሲፈረም፣ ረቂቁ ሲረከብ፣ መጽሐፉ ሲወጣ እየተባለ በክፍልፋይ ይመጣል። መጽሐፉ ካልተሸጠ ኤጀንቱ አምስት ሳንቲም አያገኝም። የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍ ኤጀንቶች ማኅበር አባላቱ ረቂቅ ለማንበብ ገንዘብ እንዳይጠይቁ በሥነ ምግባር ደንቡ ይከለክላል። ገንዘቡ ወደ ደራሲው ነው የሚሄደው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። በመጨረሻ፣ "ታዲያ እኔ ምን ይዤ ነው የምቀርበው?" አሉ።

የጻፉትን ማመልከቻ ላኩልኝ። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ሰላምታና የጤና ምኞት ነው። ሁለተኛው ድፍረታቸውን ይቅር እንዲሏቸው ይለምናል። ከዚያ የሕይወት ታሪካቸው፣ ከዚያ የጅቡቲ ባቡር ታሪክ ይመጣል። ልብ ወለዱ የሚነሳው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። በእኛ ወግ ሰላም ሳይሉ ዘው ማለት ነውር ነው፤ ጨዋነታቸውን ወደድኩት። በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ማመልከቻ የሚያገላብጥ ሰው ግን እስከዚያ አይደርስላቸውም።

"ጋሼ፣ ደብዳቤውን ይተዉትና ታሪኩን ያውሩልኝ። ልጅቷ ምን ትፈልጋለች?"

"አባቷ የባቡር መካኒክ ነው። ከባቡሩ ጋር ጅቡቲ ሳለ የኦጋዴን ጦርነት ሐዲዱን ቆረጠውና እዚያው ቀረ። እሷ የ16 ዓመት ልጅ ናት። ቀፊራ ገበያ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር ተዋውላ፣ በበረሃ አድርጋ ልታመጣው ትነሳለች።"

"ይኸው! ይህንኑ ይጻፉት።"

ጻፉት። በእንግሊዝኛ 300 ቃላት ገደማ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ። ታሪኩ ከፊት፣ ቀጥሎ የሥራው ዓይነትና የቃላት ብዛት፣ እሳቸው ስለራሳቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር። ድሬዳዋ ከዚራ ማደጋቸው ከሁለቱ አንዱ ሆነ፤ መግባትም ነበረበት። የከበደው የረቂቁ ርዝመት ነው። 140,000 ቃላት ነበር። ለመጀመሪያ ልብ ወለድ አብዛኞቹ ኤጀንቶች የሚመቻቸው ከ80,000 እስከ 100,000 ነው። ልብ ወለድ ደግሞ ተጽፎ ሳያልቅ ማመልከቻ አይላክም። ጋሼ ወራት ወስደው ቆራረጡት። "ልጄን እንደመቁረጥ ነው" ይሉኝ ነበር፤ ግን ቆረጡ።

አለቃዬን አማከርኳት። "እርጃቸው። ግን የረዳሽውን ራስሽ ልትመዝኚው አትችዪም፤ ወደኛ ሳይሆን ወደ ሌሎች ይላኩ" አለችኝ። ልክ ናት፤ ለጋሼም ይኸው ነው የሚሻላቸው።

ኤጀንት ፍለጋውን በቤተ መጻሕፍት ጀመሩ። የእሳቸውን የሚመስሉ፣ በቅርብ ዓመታት የወጡ ልብ ወለዶች ይመርጡና የመጨረሻዎቹን ገጾች ይገልጣሉ። ደራሲዎች ኤጀንታቸውን በስም የሚያመሰግኑት እዚያ ነው። የእያንዳንዱን ስም በደብተር ይጽፋሉ። ከዚያ ኩዌሪትራከር በሚባለው ድረ ገጽ ማመልከቻ እየተቀበለ መሆኑን ያያሉ፤ ደራሲዎችን ከአጭበርባሪዎች በሚያስጠነቅቀው ራይተር ቢዌር ላይ ደግሞ ስሙ በክፉ ተነስቶ እንደሆነ ይፈትሻሉ። የሚልኩበትን አድራሻ ከኤጀንሲው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይወስዳሉ፤ ይህቺን አደራ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አንዱ አምስት ገጽ ናሙና ይፈልጋል፣ ሌላው አሥር፣ ሌላው የታሪኩን ማጠቃለያ ጭምር። ለእያንዳንዱ የጠየቀውን ብቻ ይልኩለታል። ለሁሉም ባንድ ጊዜ አይበትኑም፤ ለጥቂቶች ልከው መልሱን አይተው ደብዳቤውን ያስተካክላሉ።

ብዙዎቹ አልመለሱም። እዚህ ሙያ ዝምታም "አይ" ነው፤ ብዙ ኤጀንሲዎች ይህንኑ አስቀድመው ድረ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። ጋሼ መጀመሪያ ከፍቷቸው ነበር። "ሰው እንዴት ለደብዳቤ መልስ አይሰጥም?" ይሉ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም ይህን የሙያዬን ባሕርይ አልወደውም።

ሁለት ኤጀንቶች ግን ሙሉውን ረቂቅ ጠየቁ። አንዷ ገና እያነበበች ነው። ሌላዋ ረዘም ያለ ኢሜይል ጻፈች። የልጅቷን ስም ጠርታ፣ የቀፊራን ገበያ ጠቅሳ፣ መሐሉ ላይ የበረሃው ጉዞ እንደሚጎተትባት ገለጸች። አስተካክለው ከላኩላት እንደገና ታነበዋለች። ስለ ክፍያ ያነሳችው ነገር የለም። ጋሼ አሁን የበረሃውን ምዕራፍ እንደ አዲስ እየጻፉ ነው።